ዘንገናን በሩፋኤል ዝናብ

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ

ስኳሬ ዛሬም አልወረደም። ሐኪሙ እኔው ጂኦግራፊ ያስተማርኩት ልጅ ነው። «መምህርት ዋጋዬ፣ ይራመዱ ብዬዎት አልነበረም?» አለኝ፤ የቤት ሥራ ያልሠራ ተማሪ የያዘ መስሎ። ተራምጃለሁ እኮ። ዝናብ ካልከለከለኝ በቀር በየጠዋቱ ከቤቴ እስከ ቀርከሃ ተራ ሄጄ እመለሳለሁ።

ብቻዬንም አይደለሁ። ጋሽ ዓባይነህ አብሮኝ አለ። እሱም ስኳር አለበት፤ የተዋወቅነው እዚያው ሐኪም ቤት የሐሙስ ሰልፍ ላይ ነው። የዳንግላ ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን የመንግሥት መኪና ሲነዳ ኖሮ እንጅባራ ላይ ጡረታ ወጣ። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። አዊን ከዳር እስከ ዳር ያውቃታል፤ ያወቃት ግን በመኪና መስታወት ነው። ዳገት ላይ ስንደርስ «ማርሽ ልቀይር» ብሎ ቆሞ ይተነፍሳል። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በገዛ ደብተሬ እሱ ብለው ግን ማንም አይከሰኝም።

ዛሬ ከሰልፉ ስንወጣ «አንድ ቀን ዘንገናን ዙሪያውን እንዙረው፤ ጥርባ ሐይቅንም አይተን ማታ እንመለስ» አለኝ።

«በሐምሌ? ጤና የለዎትም እንዴ? ጥቅምት ይምጣ፤ መንገዱ ይድረቅ» አልኩት።

«በጥቅምትማ ማንም ይሄዳል። ስንቱን እንግዳ ወስጄ መኪና ስጠብቅ ውያለሁ። አንድ ቀን እንኳ ወርጄ አልዞርኩትም። አሁን ማንም የለም፤ ሐይቁ ብቻውን ነው።»

ሐይቁ ብቻውን ነው ይላል። ሐይቅ ደግሞ ከማን ጋር ሊሆን ኖሯል። በዚያ ላይ የሚሄደው በከተማ ጫማ ነው፤ ጭቃ ሲያይ እንደ ድመት እግሩን ያነሳል። አይሆንም አልኩት።

ሐምሌ 13፣ እሁድ

እንቁ ከዳንግላ ደወለች። ልጄ ስትደውል መጀመሪያ ስለ ጤናዬ ነው፣ ቀጥሎ ስለ ዝናቡ፣ ከዚያ ስለ ቆቡ። ጨርቁን ገዝታዋለች። «ደስ የሚል ነው እማ፣ ቀለል ያለ፤ አይከብድሽም» አለችኝ። የምመነኩስበት ቀንም ተቆርጧል፤ መስከረም ሃያ አንድ፣ ለማርያም። የነፍስ አባቴን ራሷ አነጋግራቸዋለች።

ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የአፌ ነው። ባሌ ነጋ ያረፈበት ሰባተኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ሰው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ ሲመርቀኝ፣ «እንግዲህ እኔም ቆቤን ደፍቼ ወደ አምላኬ ነው» አልኩ። ሆዴ ባብቶ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። እንቁ ያን ቀን አቅፋ ሳመችኝ። አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

መመንኮስ ትልቅ ነገር ነው። ማን ይጠላዋል። እኔም አልጠላሁትም።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ቸኩያለሁ፤ መብራት ሳይሄድ። ዘነበ። ተራመድን። ነፋሱ ጃንጥላዬን ወሰደው፣ ጋሽ ዓባይነህ እስከ ከሰል ነጋዴዎቹ ድረስ አሯሩጦ ያዘው። ከሰል የሚጭኑት ልጆች አጨበጨቡለት። እኔም ሳቅኩ። ቤት ገብቼም ስስቅ ቆይቼ ዳቦዬ ተቃጠለ።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

የባለወልድ ማኅበር ሸጋ ቤት ነበር። ሸጋ የግድግዳ ጎረቤቴ ናት፤ ልቧ ደግ ነው፣ አፏ ግን መዝጊያ የለውም። ዕቃ ላቀብል ጓዳ ገብቼ ሳለሁ «መምህርት ስኳሯ ባይወርድም ፊቷ በርቷል» ስትል ሰማኋት። ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ «ተይ፣ ቆብ ልትደፋ ቀን የቆረጠች ሰው ናት» አለቻት። ሸጋም «እሱን ለጫማዋ ንገሪው፤ ጠዋት ጠዋት ደጅ ተቀምጣ ስትወለውለው አያታለሁ» አለች።

ጫማ መወልወል ወንጀል ሆነ እንግዲህ። ዕድሜዋን ሙሉ ሰሌዳ ፊት የቆመች ሴት ጫማዋ ንጹሕ ነው። ልማድ ነው። ነገ ሳልወለውል እወጣለሁ።

ሐምሌ 30

ወለወልኩት። ጭቃ ነበረው።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

ፍልሰታ ነው። ለመድኃኒቱ ብዬ ከቀትር በፊት እንድቀምስ የነፍስ አባቴ ፈቅደውልኛል፤ ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ እያለ እኔ ቤቴ ሽሮ ስበላ ግን ያሳፍረኛል። ዛሬ ደጀ ሰላሙ ላይ አገኙኝና «ልጅሽ ቀኑን ነግራኛለች። አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

«ዝናቡ ዘንድሮ በዛ አይደል አባ?» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝና «በዛ» ብለው መረቁኝ። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም። አዎ ማለት እኮ አንድ ቃል ነው።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ዛሬ ጉሙ እንዲህ ነው አይባልም። አስፋልቱ ላይ ስንሄድ ባጃጆቹ መብራት አብርተው በአጠገባችን ያልፋሉ፤ ከእነሱ በቀር ዓለም የለም። ጋሽ ዓባይነህ ስለ ሚስቱ አጫወተኝ። እያለች አንድም ቀን ለሽርሽር ወስዷት አያውቅም፤ የመንግሥት መኪና ነውና አይቻልም። «በእግር መሄድ ይቻል ነበር እኮ። አላሰብኩትም» አለ። ከዚያ ብዙ ዝም አልን። ዝምታው አልከበደኝም። ነጋም ዝምተኛ ነበር፤ የእሱ ዝምታ ግን ቤት ውስጥ ነው፣ ይሄኛው መንገድ ላይ።

ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አየሩ ይሆናል።

ነሐሴ 15፣ ሐሙስ

ስኳሬ ወረደ። ሐኪሙ «ይኸው፣ ነግሬዎት ነበር» ብሎ ኮራብኝ።

ሰልፉ ላይ ጋሽ ዓባይነህ ድንገት «ታላቅ ወንድምዎ፣ ጋሽ ይኸነው፣ ዘንገና በየት በኩል ነው ቤታቸው?» አለኝ። ነገርኩት። ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ ከቀርከሃው አጥር ማዶ፣ የድንች ማሳውን ወደ ግራ ትቶ። የእጄን መዳፍ ካርታ አድርጌ አሳየሁት። «እሁድ እሁድ ከቤት አይጠፉም?» አለ። አይጠፋም አልኩት። ይኸነው የአባታችንን መሬት ያርሳል፤ የእኔንም ድርሻ በእኩል ያርስልኛል፣ ግማሹ የሱ ግማሹ የኔ። የድንች ዘር ሊጠይቀው ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ጡረተኛ ሾፌር የድንች ዘር ምን ያደርግለታል ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ነሐሴ 19፣ ሰኞ

ጋሽ ዓባይነህ አልመጣም። ዝናቡ ነው።

ነሐሴ 20

አልመጣም። ዝናብ ግን አልነበረም። ብቻዬን እስከ ቀርከሃ ተራ ሄድኩ። መንገዱ ረዝሟል።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

ሰልፉም ላይ የለም። ታሞ እንደሆን ልጠይቅ ብዬ ሰው ፊት መጠየቁ ከበደኝ። ስኳሬ ወጣ። ሐኪሙ «ምን በልተው ነው?» አለኝ። ምንም አልበላሁም። ጭራሽ አልበላሁም።

አንዲት ለምንኩስና ቀን የተቆረጠላት ሴት ሾፌር ቀረ ብላ ምሳ የምትተው ከሆነ ነውር ነው። ይህን ጽፌ አነበብኩት። ነውር ነው።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

ዛሬ ጽሕፈቴ የተበላሸው ከንዴት ነው።

እንቁ ደወለች። ጤናዬን ጠየቀች፣ ዝናቡን ጠየቀች። ከዚያ «ስለዚያ ሰውዬ አታስቢ እማ፤ አጎቴ መልስ ይሰጣቸዋል» አለችኝ።

«የቱ ሰውዬ?»

ዝም አለች። ልጄ ዝም ስትል ያመለጣትን ነገር መሰብሰቢያ እየፈለገች ነው። ሳልቆጣ ቀስ ብዬ አወጣጣኋት። ለካ ጋሽ ዓባይነህ ፍልሰታ በተፈታ በመጀመሪያው እሁድ ሦስት ሽማግሌ ይኸነው ዘንድ ልኳል። ለጋብቻ። እኔን። ይኸነው እንደ ወጉ «ሌላ ቀን ይመለሱ» ብሎ ሸኛቸው፣ ከዚያ እንቁ ዘንድ ደወለ፣ እንቁም «እማዬ ለእግዚአብሔር የታጨች ናት ብለህ መልስላቸው» አለችው። ሲመለሱ ይህንኑ ሊነግራቸው ነው።

እኔ ሳልሰማ። የዚህን ከተማ ግማሹን ሰው ያስተማርኩ እኔ። ስለ ገዛ ራሴ ወንድሜና ልጄ ተነጋግረው ጨረሱ፤ እኔ ያን ጊዜ ቀርከሃ ተራ ቆሜ መንገድ መንገድ አያለሁ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ምን ብዬ ልንገርሽ? የምትስቂበት መስሎኝ ነው» አለች። ድምፅዋ ግን የምትለውን አያምንም።

አልሳቅኩም። ስልኩን ዘጋሁ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ቆየሁ። የተናደድኩት በእነሱ ብቻ አይደለም። አባ ሲጠይቁኝ ስለ ዝናብ ያወራሁ እኔ ነኝ። አልፈልግም ማለት ፈርቼ እፈልጋለሁ ሳልል ክረምቱን አሳለፍኩት። አሁን እውነቱን ልጻፈው፤ ቆቡን አልፈልግም። ጠዋት ጠዋት ያ ሰውዬ ማርሽ ሲቀይር ማየት ነው የምፈልገው። ይኸው ተጻፈ፣ ሰማይም አልወደቀም።

ነሐሴ 28

ደወልኩለት። ኔትወርክ የለም። ከሰዓት ደወልኩ። የለም። ወደ ማታ ተነሳ።

«መምህርት?» አለ፣ ደንግጦ።

«ዘንገናን እንዙር ብለው አልነበር? ሰኞ፣ ለሩፋኤል፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቀርከሃ ተራ እጠብቅዎታለሁ።»

«ዝናብ ነው እኮ ያን ቀን።»

«የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው» ብዬ ዘጋሁት፣ ሌላ ነገር ሳልናገር።

ጳጉሜን 3፣ ሰኞ

እግሬ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነው፣ ደብተሩ ጉልበቴ ላይ። ሁሉንም ልጽፈው ነው።

ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። በዚያው በከተማ ጫማው። ባጃጅ ይዘን እስከ መገንጠያው ሄድን፤ ነጂው «በዚህ ቀን ምን ልትሠሩ?» አለን። ጋሽ ዓባይነህ «ለስኳር» አለው። መግቢያው ላይ ጥበቃው ላስቲክ ለብሶ በቆሎ ይጠብሳል። ሰው ካየ ሰንብቷል መሰለኝ፣ ሲያወራን ሊለቀን አልፈለገም፤ በቆሎም ከፈለልን።

ሐይቁን መጀመሪያ አላየነውም። ጉሙ ሞልቶታል። ጫፉ ላይ ቆመን ጠበቅን። ከዚያ ከወዲያ ማዶ ዛፎቹ ወጡ፣ ከዛፎቹ ሥር አረንጓዴ ውሃ፣ ክብ፣ ምንም የማይነካው። ስንት ዓመት «ዘንገና በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ሐይቅ ነው» እያልኩ ጽፌያለሁ፣ አስጽፌያለሁ። ዛሬ ይህን ማለት አላማረኝም።

«ለካ ድምፅ አለው» አለ ጋሽ ዓባይነህ።

«ምኑ?»

«ዝም ሲባል። እኔ ሁልጊዜ ሞተር እያስነሳሁ ነው የምጠብቀው።»

ዙሪያውን መዞር ጀመርን። ጫካው ውስጥ ዝናቡ ካቆመ በኋላም ከቅጠል ላይ ይዘንባል። አንድ ጉሬዛ ጀርባውን ሰጥቶን ተኮራምቶ ተቀምጧል፤ ብናልፍም አልዞረም። አንዳንድ ቦታ አደይ ገና በእንቡጡ ነው። ሌላ የሰው ዱካ አልነበረም፤ የኛን ዱካ ዞር እያልኩ አየሁት፣ የኔ ሰፊ የሱ ሾል ያለ። በጥቅምት ብንመጣ ይህን አላየውም ነበር። ይህን ለሱ አልነገርኩትም፤ ልክ ነበርኩ ብሎ እንዳይኮራብኝ።

ስለ ሽማግሌዎቹ አላነሳም። እኔ ነኝ ያነሳሁት።

«ለምን ቀሩ?»

«ሽማግሌ የላከ ሰው መንገድ ላይ አይንከራተትም፤ ነውር ነው» አለ። ወደ ውሃው ነው የሚያየው።

«ታዲያ ዛሬ ለምን መጡ?»

«እርስዎ ጠሩኝ።»

ዳገቱን ስንወጣ የጫማው ሶል አፉን ከፈተ። ከአንድ ቁጥቋጦ ልጥ ልጬ፣ ተንበርክኬ አሰርኩለት። «ኧረ መምህርት፣ ተነሱ» ይለኛል፤ እግርዎን አያንቀሳቅሱ ብዬ እንደ ተማሪ ተቆጣሁት።

ወደ ጥርባ የሚወስደው መንገድ ሁለት ነው። በየትኛው እንሂድ አለኝ። በታችኛው አልኩት። የታችኛው ጭቃው ያነሰ ነው። በይኸነው ደጅ ማለፉን ያሰብኩት ኋላ ነው።

ድንች ማሳው ጋ ስንደርስ በረዶ ወረደ። ጃንጥላዬ ሁለት ሰው አይችልም። ሮጥን። ያለው ጣራ የወንድሜ ጣራ ብቻ ነው። እኔ ግቢው ውስጥ ገብቼ ዞር ስል ጋሽ ዓባይነህ የለም። ከቀርከሃው አጥር ውጭ ቆሟል፣ በረዶው መላጣው ላይ እየዘለለ።

እኛ ዘንድ ሽማግሌ የላከ ሰው መልሱ እስኪነገረው የዚያን ቤት ደጃፍ አይረግጥም፣ ከዚያ ቤት እህልም አይቀምስም። ከቀመሰ ራሱንም የላካቸውንም ሽማግሌዎች አዋረደ። አውቃለሁ። ግን በበረዶ ሰዓት ይህን የሚያስታውስ ሰው አለ ብዬ አልጠበቅኩም።

ይኸነው የዝናብ ገሳውን ደርቦ ወጣ። እኔን አየ፣ አጥሩን አየ። «ማነው ያ?» አለኝ በአማርኛ። ወንድሜ አማርኛ ሲናገረኝ ተቆጥቷል ማለት ነው፤ የቤታችን ቋንቋ አውንጊ ነው።

«ታውቀዋለህ» አልኩት።

«አንቺ ይዘሽው መጣሽ?»

«በረዶው ነው ያመጣን።»

አላመነኝም። እኔም ብሆን አላምንም ነበር።

በረዶው አልፎ ዝናብ ብቻ ሆነ። የይኸነው የልጅ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ግቢው ውስጥ ይዘላሉ፣ ሩፋኤል ነውና። ጋሽ ዓባይነህን ሳየው ከንፈሩ ነጥቷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ብርድ መሰለኝ መጀመሪያ። ከዚያ ገባኝ። መድኃኒቱን ጠዋት ወስዷል፣ ምሳ ሰዓት አልፏል፣ ስኳሩ ወርዷል። ቦርሳዬ ውስጥ የማላጣትን ከረሜላ በአጥሩ ክፍተት አቀበልኩት። ጎረሰ። ከረሜላ ግን ሰው አያቆምም።

እቤት ገባሁ። የወንድሜ ሚስት ድንች ቀቅላ አውርዳለች። ሳልጠይቃት በሳህን ሞላሁ፣ አዋዜ ጨመርኩበት፣ ይዤ ወጣሁ። ጃንጥላዬን በሩ ላይ ጣልኩት። አጥሩ ጋ ደርሼ ሳህኑን ዘረጋሁለት።

«ብላ።»

አንተ አልኩት፤ ለምን እንዳልኩት አላውቅም፤ ሁለታችንም ሰማነው።

«አይሆንም መምህርት» አለ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። «ከዚህ ቤት እህል ከቀመስኩ ሽማግሌዎቼን አዋረድኩ።»

«የዚህ ቤት እህል አይደለም» አልኩት። ይኸነው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ የክፍል ድምፄ ገና አለ። «ይሄ ድንች የበቀለው ከአባቴ በደረሰኝ መሬት ላይ ነው። ወንድሜ በእኩል ያርስልኛል። ከዚህ ማሳ የወጣ ግማሹ የኔ ነው፣ ይሄ ሳህን ከኔ ግማሽ ነው። የምታበላህ እኔ ነኝ። መልሱን ከፈለግክም ይሄው መልሱ ነው። ብላ።»

አንዱን አነሳ። ዝናቡ ሳህኑ ውስጥ ይገባል። እኔም አንድ አነሳሁና አጠገቡ ቆሜ በላሁ። ስንበላ ልጆቹ ሳይቀሩ ቆመው አዩን።

ይኸነው በሩ ላይ ነው። ፈርቻለሁ፤ ታላቄ ነው፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ ቃሉን ጥሼ አላውቅም። ከዚያ ገሳውን አወለቀና ወደ አጥሩ መጣ። ሳህኑን አየ፣ የታሰረውን ጫማ አየ። በአውንጊ ነው የተናገረው፣ ለኔ ሳይሆን ለሱ፦ ድንቹ የእሷ ነው፣ እውነቷን ነው፤ ቤቱ ግን የኔ ነው፤ ግባ፣ ድንች ቆሞ አይበላም።

ጋሽ ዓባይነህም በአውንጊ መለሰለት። ሽማግሌዎቼስ? አለ።

ለወጉ ይመለሱ፣ አለ ይኸነው። የሚነገራቸው ግን ተለውጧል።

ገሳውን ጋሽ ዓባይነህ ትከሻ ላይ ጣለለት። ከእሳቱ አጠገብ ተቀመጥን። ጫማውን አውልቆ ነበርና ጭድ ጠቅጥቄ ለማድረቅ አስጠጋሁት። የወንድሜ ሚስት ስታየኝ ከንፈሯን ነክሳ ሳቀች። ምኑ ያስቃል፤ እርጥብ ጫማ ይደርቃል።

ጥርባን ሳናየው ቀረን። የተመለስነው በይኸነው ፈረስና በተውሶ ቦት ነው፤ እኔ ፈረሱ ላይ፣ እሱ ልጓሙን ይዞ። ፈረስ መንዳት አያውቅም፤ ፈረሱ ነው እሱን የነዳው። መንገዱን ሙሉ ዘነበብን። ጃንጥላውን እዚያው ረስቼዋለሁ።

መስከረም 1

እንቁ ከባሏ ጋር መጣች። አጎቷ ነግሯታል። እንቁጣጣሽ ተባባልን፣ ምሳ በላን፣ ከዚያ ጨርቁን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አልደፋም እንቁ» አልኳት።

«አባዬስ?» አለች። ይሄን ብቻ። ዓይኗ ሞላ። ያኔ ነው የገባኝ። ልጄ እኔን ለገዳም አልነበረም የምትፈልገኝ፤ ለአባቷ ቦታ ጠባቂ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ይህ ሳይታየኝ መቅረቱ፣ አስተማሪ ነኝ እያልኩ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። «አባትሽን አልረሳሁትም። ቆብ ብደፋም አይመለስም፣ ባልደፋም አይሄድም። ግን ልንገርሽ፤ ጠዋት ስነሳ ደስ ይለኛል። ይሄ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ደስታዬን ካንቺ ልደብቅ?»

እጇን ያዝኩት። ከእጄ አላወጣችውም። ከሰዓት ሄዱ። ስትስመኝ ሦስት ጊዜ መሆን ያለበት ሁለት ሆነ፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ተቀይሜአለሁም።

መስከረም 4፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ለነፍስ አባቴ እውነቱን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ቆብ ለአምላክ እንጂ ለይሉኝታ አይደፋም። እኔማ ዝናቡን ስታነሺብኝ ነው ያወቅኩት» አሉኝ። ጨርቁን ለደብራችን እማማ እህተማርያም ሰጠኋቸው፤ እሳቸው ስንት ዓመት ሲመኙት የኖሩ ናቸው፣ ሳሙት። ልቤ ቀለለኝ። እንቁ ግን አልደወለችም።

መስከረም 6

ሸጋ በአጥር ላይ «መምህርት፣ ጃንጥላሽስ?» አለችኝ። ወንድሜ ቤት አልኳት። «ታዲያ በምን ተጠልለሽ ነው እንዲህ ያማረብሽ?» አለች። እግዜር የነሳት የአፍ መዝጊያ ብቻ ነው። ዛሬ ሳቅኩላት።

መስከረም 9፣ ዓርብ

እሁድ ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ። ጋሽ ዓባይነህ እንደ ወጉ ከመንገድ ጠፍቷል፤ ይሄኛው መጥፋት ግን ምሳ አያስተውም።

አሁን እንቁ ደወለች። ጤናዬን ጠየቀች። ዝናቡን ጠየቀች። ሦስተኛውን ጠበቅኩ።

«እማ፣ የሰውዬው ጫማ ተቀዷል ይላል አጎቴ።»

«ሶሉ ነው የተላቀቀው።»

«በተቀደደ ጫማ ነው እንዴ ቤታችን ሊገባ?»

ቤታችን አለች። ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት።

«እዚህ ዳንግላ ጠንካራ ቦት መጥቷል» አለች። «ለጭቃ የሚሆን። ደግሞ ጥርባን ሳታዩ ቀርታችኋል አሉ፤ በዚያ ጫማ የት ይደረሳል። ቁጥሩ ስንት ነው?»

እኔ የሰው ጫማ ቁጥር በምን አውቃለሁ ልላት ነበር።

«አርባ ሁለት» አልኳት።

ወዲያ ማዶ ጸጥ አለ። ኔትወርክ የሄደ መሰለኝ። ከዚያ ልጄ ስትስቅ ሰማሁ።